ጆርጅ ጋሎፕ፦ ከ1936ቱ ድል እስከ 1948ቱ ስሕተት

ጆርጅ ሆራስ ጋሎፕ በ1901 በአሜሪካ አዮዋ ግዛት፣ ጄፈርሰን በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደ (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ ከምርጫ ትንበያ ጋር ተቆራኝቶ ይነሣ እንጂ የምርምር ሕይወቱ የጀመረው ከፖለቲካ ርቆ ነው። በ1928 በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ያቀረበው ጥናት፣ ሰዎች ከጋዜጣ ውስጥ በእርግጥ የሚያነቡት የትኛውን ክፍል እንደሆነ የሚለካበትን ዘዴ የሚመለከት ነበር። በ1932 ኒው ዮርክ በሚገኝ የማስታወቂያ ድርጅት የምርምር ሥራ ያዘ፤ በ1935 የአሜሪካ የሕዝብ አስተያየት ተቋምን መሠረተ።

በዚያን ጊዜ በመስኩ ገንኖ የነበረው ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው መጽሔት ነበር። መጽሔቱ በ1936 ከስልክ ማውጫና ከመኪና ምዝገባ ዝርዝሮች አድራሻ እየወሰደ ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ መጠይቆችን በፖስታ ላከ፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ ተመለሱለት። በዚህ ተማምኖም የሪፐብሊካኑ አልፍ ላንደን እንደሚያሸንፍ አወጀ። ጋሎፕ በአንጻሩ የሩዝቬልትን ማሸነፍ ብቻ ሳይሆን፣ መጽሔቱ መጠይቁን ከመላኩ በፊት የሚያገኘውን የተሳሳተ ውጤት ጭምር በጋዜጣ ዓምዱ አስቀድሞ ተናገረ። ላንደን ከ48 ግዛቶች 2ቱን ብቻ አገኘ፤ መጽሔቱም በ1938 ተዘጋ።

ይህ ድል ግን አንድ ጉድለት ሸፍኗል። ጋሎፕ ለሩዝቬልት የገመተው ድርሻ 56 በመቶ ገደማ ሲሆን ተመራጩ ያገኙት ከ60 በመቶ በላይ ነበር። በ1940 እና በ1944ም ግምቱ ያጋደለው ወደ ሪፐብሊካኖች ነው። አሸናፊው በትክክል ስለተጠራ ስሕተቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን መሆኑን ልብ ያለው ጥቂት ሰው ነው። ምንጩ የኮታ ናሙና ይመስላል። ቃለ መጠይቅ አድራጊው በጾታ፣ በዕድሜና በኑሮ ደረጃ የተመደበለትን ቁጥር እስካሟላ ድረስ ማንን እንደሚጠይቅ የሚመርጠው ራሱ ነበር፤ ሰውም እንደ ልማዱ በቀላሉ የሚገኘውንና የሚቀርበውን ያነጋግራል። በዚያ ላይ ናሙናው የሚቀረጸው በድምፅ ሰጪው ሕዝብ አምሳል ስለነበር፣ ከምርጫ በኃይል የተገለሉት የደቡብ ግዛቶች ጥቁሮች ከሕዝብ አስተያየትም እንዲጎድሉ ሆነ። ከትንበያ ስሕተቱ ይልቅ የከበደው ጉድለት ይህ ነው፤ ምክንያቱም የተቋሙ መጠሪያ የሚናገረው ስለ ሕዝብ እንጂ ስለ መራጭ አልነበረም።

በ1948 ሒሳቡ ተወራረደ። ጋሎፕ ለቶማስ ዴዊ 49.5፣ ለሃሪ ትሩማን 44.5 በመቶ ሰጠ፤ ትሩማን ወደ 50 በመቶ የሚጠጋ ድምፅ አግኝተው አሸነፉ። ቃለ መጠይቁ የድምፅ መስጫው ቀን ሳይደርስ በመቆሙ በመጨረሻ ሰዓት ሐሳቡን የለወጠው መራጭ አልተቆጠረም። የማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር ምክር ቤት ያቋቋመው ኮሚቴ በናሙናው አወሳሰድም ላይ ጣቱን ቀሰረ። ጋሎፕ ኮታውን ቀስ በቀስ ትቶ ዕጣን መሠረት ወዳደረገ ናሙና ተሻገረ፤ ቃለ መጠይቁንም ወደ ምርጫው ዋዜማ አስጠጋ።

በ1984 በስዊዘርላንድ ዐረፈ። ከአራት ዓመት በኋላ ፔቨሪል ስኳየር የተባለ ተመራማሪ በ1937 የተሰበሰበውን የጋሎፕ መረጃ መርምሮ፣ የሊተራሪ ዳይጀስት ውድቀት መንሥኤ የአድራሻ ዝርዝሩ ብቻ እንዳልነበረ አሳየ፦ መጠይቁ የደረሳቸው ሁሉ መልሰውት ቢሆን መጽሔቱ ቢያንስ አሸናፊውን አይስትም ነበር።