ንጉሠ ነገሥቱ በስደት የኖሩበት ቤት

በእንግሊዝ አገር ባዝ የምትባል ከተማ አለች። ስሟ በቋንቋቸው መታጠቢያ ማለት ነው፤ ከጥንት ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ በፍል ውሃዋ የታወቀች ናት። ዐዲስ አበባም በፍል ውሃ አጠገብ የተቈረቈረች ስለ ሆነች፥ ሁለቱ ከተሞች በዚህ ይመሳሰላሉ። በባዝ ዳር ካሉት አሮጌ ቤቶች አንዱ ፌርፊልድ ይባላል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደታቸው ዘመን የኖሩት በዚህ ቤት ነው።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1884 ዓ.ም. በሐረር አገር፥ ኤጀርሳ ጎሮ በተባለው ስፍራ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው ተፈሪ፥ አባታቸውም ራስ መኰንን ነበሩ። ገና ሕፃን ሳሉ እናታቸው፥ የ13 ዓመት ልጅ ሳሉም አባታቸው ሞቱባቸው። በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ።

በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በአውሮፕላንና በመርዝ ጢስ እየታገዘ አገሪቱን ወረረ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን ከዐዲስ አበባ በባቡር ወጥተው በጅቡቲ በኩል ወደ ኢየሩሳሌም ተሰደዱ። በሰኔም ወር በጄኔቭ ከተማ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ አገራቸው አቤቱታ አቀረቡ፤ ማኅበሩ ግን አልረዳቸውም። ከዚህ በኋላ ወደ ባዝ ሄደው ፌርፊልድን ገዙ።

ቤቱ ሰፊ ቢሆንም ኑሮው ጠባብ ነበረ። ከቤተ ሰባቸው ጋራ ካህናትና መኳንንትም ስለ ነበሩ ገንዘብ አነሰ፤ ንጉሡም ከአገራቸው ያመጡትን የብር ዕቃ እስከ መሸጥ ደረሱ። ብርዱ ለእቴጌ መነን ጤና አልተስማማም። ይሁን እንጂ ንጉሡ ሥራ አልፈቱም። አትክልት የሚበቅልበትን የመስተዋት ቤት ቤተ ጸሎት አደረጉት፤ የሕይወታቸውንም ታሪክ በዚያው ቤት ማስጻፍ ጀመሩ። ልጃቸው ልዕልት ፀሐይ በሎንዶን የሕመምተኞች አስታማሚነት ተማሩ፤ የንጉሥ ልጅ ይህን ሥራ መያዟ በዚያ ዘመን እንግዳ ነገር ነበረ።

በዚያው ጊዜ ኢጣልያኖች በዐዲስ አበባ ለመንግሥታቸው ሠራተኞች ቤት ይሠሩ ነበር። ካዛ ማለት በቋንቋቸው ቤት ነው፤ ኢንቺስም ቤቶቹን የሠራው ድርጅት አጭር ስም ነው፤ የካዛንቺስ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። ባለአገሩ በሰው አገር ሲጠለል፥ ወራሪው በባለአገሩ መሬት ላይ ቤት ሠራ።

በ1932 ዓ.ም. ኢጣልያ በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ስላወጀች፥ ንጉሡ ከባዝ ወጥተው ወደ ሱዳን ሄዱ። በጥር 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ድንበሩን ተሻገሩ፤ ሚያዝያ 27 ቀንም፥ ጠላት በገባበት ዕለት ልክ በአምስተኛው ዓመት፥ ዐዲስ አበባ ገቡ።

ፌርፊልድን ግን አልረሱም። ቢሸጡት ገንዘብ ባገኙበት ነበር፤ ነገር ግን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1958 ዓ.ም. የአረጋውያን መኖሪያ እንዲሆን ለባዝ ከተማ በነጻ ሰጡት።

ለእርሳቸው ደግሞ በ1948 ዓ.ም.፥ የነገሡበት 25ኛ ዓመት ሲከበር፥ ከካዛንቺስ ሳይርቅ አዲስ ቤተ መንግሥት ተሠርቶላቸው ነበረ። በዘመናቸው መጨረሻ በወሎ ጽኑ ረኃብ ሆነ፤ መንግሥታቸውም ለተራበው ሕዝብ ፈጥኖ ስላልደረሰ ቍጣ በረታ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ወታደሮች ከዚያ ቤተ መንግሥት አውጥተው፥ በትንሽ ቮልስዋገን አውቶሞቢል ወሰዷቸው። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር እንደ ታሰሩ ሞቱ። በፌርፊልድም በዚያን ጊዜ የባዝ አረጋውያን ይጦሩ ነበር።