አፄ ካሌብና በገመድ የተሰፉት መርከቦች

በሆሳዕና ተወልዶ ላደገ ሰው ባሕር የሩቅ አገር ወሬ ነው። ይሁን እንጂ በሐዲያና በከምባታ ገበያዎች የእንሰት ቃጫ ሲሸጥ፣ የቤት ማገርም በገመድ ብቻ ተጠፍሮ ለብዙ ዓመታት ጸንቶ ሲኖር እያየ ያደገ ሰው የአፄ ካሌብን መርከቦች አሠራር ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። መሐንዲሱን ጸሐፊ ወደ እኚህ ንጉሥ ታሪክ የሳበውም ይኸው ነው።

አፄ ካሌብ የታዜና ልጅ ሲሆኑ በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በአክሱም ነገሡ፤ የንግሥ ስማቸው እለ አጽብሐ ይባላል። በዚያ ዘመን የሒምያር ንጉሥ ዩሱፍ አስአር፣ ዐረቦች ዙ ኑዋስ የሚሉት፣ በዘፋር የነበሩትን አክሱማውያን ፈጀ፤ በ523 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ደግሞ የናግራንን ክርስቲያኖች ገደለ። የሮማው ቄሣር ዮስጢኖስ በእስክንድርያው ፓትርያርክ በኩል አፄ ካሌብን ለጦርነት አበረታቱ። ሆኖም በመካከል ባሕር ነበረ።

በግሪክኛ የተጻፈው የቅዱስ ኂሩት ገድል የመርከቦቹን ቍጥር እንደ ንብረት መዝገብ ዘርዝሮ ይነግረናል። ከኢላ 15፣ ከቁልዙም 20፣ ከዮታቤ 7፣ ከበረኒቄ 2፣ ከፈረሳን 7፣ ከህንድ 9 መጡ። በዚህ በ60ው ላይ ንጉሡ ራሳቸው ያሠሯቸው 10 ተጨመሩ። እንግዲህ አብዛኞቹ መርከቦች የሌላ ወደብ ነበሩ። ይህን መናገር የንጉሡን ክብር የሚቀንስ የሚመስላቸው ይኖራሉ፤ በእኔ አስተያየት ግን ከስድስት ወገን የመጣን መርከብ በአዱሊስ ወደብ በገበዛ አሰባስቦ፣ ስንቁንና ሠራዊቱን አሰናድቶ በወቅቱ ማንቀሳቀስ ከመርከብ ሥራው የሚያንስ ሙያ አይደለም። በዝግጅቱ ጊዜ ነጋዴው ኮስማስ በአዱሊስ ነበረ፤ በንጉሡ ትእዛዝም በዚያ የቆመውን ጥንታዊ የግሪክኛ ጽሑፍ ገልብጧል።

የታሪክ ጸሐፊው ፕሮኮፒዮስ እንደሚያስረዳው በዚያ ባሕር የሚሄዱ መርከቦች ሳንቃቸው በምስማር አይመታም፤ በገመድ ይሰፋል። በባሕሩ ውስጥ ብረት የሚስብ ቋጥኝ አለ የሚባለውን ወሬ ተረት ነው ብሎ ይጥለዋል፤ እውነተኛውን ምክንያት ሲገልጽ ሮማውያን ለእነዚህ አገሮች ብረት እንዳይሸጥ በሕግ ከልክለው ነበር ይላል። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ የተሰፋ ሳንቃ ማዕበል ወይም አሸዋ ሲመታው ይለመጣል እንጂ ቶሎ አይሰነጠቅም፤ ገመዱ ሲያረጅ ደግሞ ፈትቶ እንደገና መስፋት ይቻላል።

ስለ ሒምያር ሰንሰለትም ብዙ ተብሏል። ዩሱፍ የባሕሩን መግቢያ በብረት ሰንሰለት ዘጋ ይባላል፤ በዘመኑ በድንጋይ ላይ የተቀረጹ የሒምያር ጽሑፎችም የመደበንን ሰንሰለት ያነሣሉ። የባብ ኤል መንደብ ስፋት ወደ 30 ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ ያን ሁሉ የሚያህል ሰንሰለት ክብደቱ ብቻ ወደ ታች ያሰምጠዋል። ስለዚህ አንድን ጠባብ ወደብ የዘጋ ሰንሰለት፣ አለዚያም ተራ በተራ የቆሙ ምሽጎች እንደ ነበሩ ማሰብ ይሻላል። ያም ሆነ ይህ በ525 ዓ.ም. ሠራዊቱ ተሻገረ፤ ዩሱፍም ሞተ። ንጉሡ ሱሙያፋ አሽዋዕን ሾመው ተመለሱ፤ ሹሙን ግን አብርሃ ገለበጠው፤ በኋላ የተላኩት ጦሮችም አልቀናቸውም።

ከእነዚያ 70 መርከቦች አንዱ እንኳ አልተገኘም። ነገር ግን ከምጽዋ በስተደቡብ በጥቁር አሳርካ ደሴት አጠገብ የሰመጠች የንግድ መርከብ በ1995 ዓ.ም. ታወቀች፤ በ1997 ዓ.ም. ተቈፈረች። እንጨት በሞቃት ባሕር ውስጥ የትል ምግብ ስለሆነ በብዛት የተረፈው ሸክላ ነው፤ ይኸውም ጎድን ጎድን ያላቸው፣ ወደ ታች የሚሾሉ ጋኖች። የዚህ ዓይነት ጋኖች በአዱሊስና በአክሱም ተገኝተዋል፤ የተተኰሱባቸው ምድጃዎችም በዐቃባ፣ ማለት በጥንቷ ኢላ፣ ተቈፍረው ወጥተዋል። ገድሉ 15 መርከቦች ላከች የሚላት ያችው ኢላ ናት። ብራናው የመዘገበውን መንገድ ከባሕሩ ወለል የወጣው ሸክላም ያሳያል።

አፄ ካሌብ በመጨረሻ ዘውዳቸውን ወደ ኢየሩሳሌም ልከው በአክሱም አጠገብ በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም መነኰሱ ይባላል። ቤተ ክርስቲያናችን ግንቦት 20 ቀን ታስባቸዋለች።