ጠፍቶ የተገኘው መቃብር
የወይዘሮ ሜሪ ሲኮል የሕይወት ታሪክ
በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ

አባቶቻችን ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ። ይህን ምሳሌ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ እውነትነቱን ተጠራጥሬ አላውቅም ነበር። የወይዘሮ ሜሪ ሲኮልን ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ ግን ስም ከመቃብር በላይ የሚውለው ጠሪ ሲኖረው ብቻ መሆኑን ተረዳሁ። እኒህ ሴት በጦርነት ጊዜ ማንም ሳያዛቸው በገዛ ገንዘባቸው ዘምተው ቁስለኞችን ያስታመሙ፥ በሕይወት ሳሉም ስማቸው በለንደን ከተማ በአድናቆት የተጠራ ነበሩ። ከሞቱ በኋላ ግን ከመረሳታቸው የተነሣ መቃብራቸውን የሚጠይቅ ሰው ጠፋ፤ ፈላጊ ያገኙትም ዘጠና ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ትምህርት ቤታችን የምሥረታውን በዓል በሚያከብርበት በዚህ ዓመት ለመጽሔታችን አንድ የሕይወት ታሪክ እንዳቀርብ በታዘዝሁ ጊዜ የእርሳቸውን የመረጥሁት ስለዚህ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ወይዘሮ ሜሪ በ1805 ዓ.ም. ጃማይካ በምትባለው የካሪቢያን ባሕር ደሴት፥ በኪንግስተን ከተማ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው ሜሪ ጄን ግራንት ነበር። አባታቸው የስኮትላንድ ተወላጅ የሆኑ የእንግሊዝ ጦር ወታደር ሲሆኑ፥ እናታቸው ከባርነት ነጻ የሆኑ ጥቁር ጃማይካዊት ነበሩ። በዚያን ዘመን ደሴቲቱ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ነበረችና ከአፍሪካ በግፍ የተወሰዱ ሰዎችና ልጆቻቸው በሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ በባርነት ይሠሩ ነበር። ባርነትን የሻረው ሕግ በሥራ ላይ የዋለው በ1834 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ ሜሪ ወደ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ዕድሜያቸው እስኪጠጉ ድረስ የኖሩት እነርሱ ነጻ፥ ጎረቤቶቻቸው ግን ባሪያ በሆኑበት አገር ነው።

እናታቸው በኪንግስተን የእንግዳ ማረፊያ ቤት ያስተዳድሩ ነበር። ከዚህም በላይ የቅጠልና የሥር መድኃኒት ዐዋቂ ስለ ነበሩ፥ የታመሙ የጦር መኮንኖችና ቤተሰቦቻቸው ወደ እርሳቸው ይመጡ ነበር። ልጅቱም የእናታቸውን እጅ እያዩ አደጉ። መጀመሪያ በአሻንጉሊታቸው፥ ቀጥሎም በቤት ውሾችና ድመቶች፥ በመጨረሻም በራሳቸው ላይ መድኃኒት እየሞከሩ መለማመዳቸውን በኋላ በጻፉት መጽሐፍ ተርከዋል። የነርስነት ትምህርት ቤት አልገቡም፤ በጊዜው ለእንደ እርሳቸው ያለች ሴት የተከፈተ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤትም አልነበረም።

በ1836 ዓ.ም. ኤድዊን ሲኮል የሚባሉ ሰው አገቡ። በ1843 ዓ.ም. በኪንግስተን በተነሣው ቃጠሎ ቤታቸው ነደደ፤ በማግሥቱ ዓመት ባላቸው ሞቱ፤ ብዙም ሳይቆይ እናታቸው ተከተሉ። ወይዘሮ ሜሪ ልጅ አልነበራቸውምና ብቻቸውን ቀሩ። ሆኖም ቤቱን እንደ ገና ሠርተው ሥራቸውን ቀጠሉ። በ1850 ዓ.ም. ኮሌራ ጃማይካን በመታ ጊዜ ሕሙማንን አስታመሙ። በ1851 ዓ.ም. ወንድማቸው ወዳሉበት ወደ ፓናማ በሄዱ ጊዜ ደግሞ ያው በሽታ ተከትሏቸው የደረሰ ይመስል ክሩሴስ በምትባለው ከተማ ተነሣ። ያለው ይከፍላቸው ነበር፤ የሌለውን በነጻ ያክሙ ነበር። የበሽታውን ጠባይ ለማወቅ ብለው የአንድ ሕፃን ሬሳ እስከ መመርመር ደርሰዋል። በመጨረሻም በሽታው እርሳቸውንም ይዟቸው ለጥቂት ተረፉ።

እውነቱን ለመናገር፥ በዚያን ጊዜ ይሰጧቸው ከነበሩት መድኃኒቶች መካከል የእርሳስና የሜርኩሪ ቅመም ያለባቸው ስለ ነበሩ ዛሬ ጎጂ መሆናቸው ታውቋል። ይሁን እንጂ የዘመኑ ባለ ዲፕሎማ ሐኪሞችም ያዝዙ የነበረው ይህንኑ ነበር። ወይዘሮ ሜሪ ራሳቸው የመጀመሪያ ስሕተታቸውን ሳይደብቁ ጽፈዋል። ከመድኃኒቱ ይልቅ የጠቀመው ምናልባት ሕመምተኛውን ማጠባቸው፥ ማሞቃቸው፥ የሚጠጣ መስጠታቸውና ትተውት አለመሄዳቸው ይሆናል።

በ1853 ዓ.ም. በሩሲያና በቱርክ መካከል ጦርነት ተነሣ። በሚቀጥለው ዓመት እንግሊዝና ፈረንሳይ ቱርክን ደግፈው ገቡበት። ዋናው ውጊያ የተደረገው በጥቁር ባሕር ሰሜን፥ በክሪሚያ ባሕረ ገብ ምድር ሲሆን፥ የተባበሩት ጦሮች የከበቡት ከተማ ሴባስቶፖል ይባላል። ይህ ስም ለኢትዮጵያ ልጆች እንግዳ አይደለም፤ በጋፋት ተሠርቶ እስከ መቅደላ የተጎተተው የአፄ ቴዎድሮስ ታላቅ መድፍ በዚሁ ከተማ ስም ተጠርቷልና። ወይዘሮ ሜሪ ወደ ክሪሚያ የዘመቱትም በ1855 ዓ.ም.፥ ማለት አፄ ቴዎድሮስ በደረስጌ ማርያም ዘውድ በጫኑበት ዓመት ነው።

በዚህ ጦርነት በጥይት ከሞተው ወታደር ይልቅ በኮሌራ፥ በተቅማጥና በተስቦ ያለቀው ይበልጥ ነበር። ወሬው ለንደን በደረሰ ጊዜ ሕዝቡ ተቆጣ። ወይዘሪት ፍሎረንስ ናይቲንጌል በጥቅምት 1854 ዓ.ም. ሠላሳ ስምንት አስታማሚዎች አስከትለው ከቁስጥንጥንያ ማዶ ወዳለው ወደ ስኩታሪ ሆስፒታል ሄዱ። ወይዘሮ ሜሪም በዚያው ሰሞን ለንደን ገብተው ለአስታማሚነት እንዲቀበሏቸው ለመኑ። አንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ይልካቸው ነበር፤ አስታማሚዎችን የሚመርጡትም ክፍት ቦታ የለም አሏቸው። በመጽሐፋቸው እንደ ገለጹት፥ ምክንያቱ የቆዳቸው ቀለም ይሆን ብለው የጠረጠሩት ያን ጊዜ ነው። አንድ ቀን ማታ በብርድ መንገድ ላይ ቆመው አለቀሱ።

ነገር ግን ልቅሶው የአንድ ምሽት ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ወደ አገሩ ይመለስ ነበር፤ እርሳቸው ግን የሚልካቸው ከጠፋ በራሳቸው ለመሄድ ቆረጡ። ቶማስ ዴይ ከሚባሉ የባላቸው ዘመድ ጋር ለንግድ ተሻርከው፥ መድኃኒትና ስንቅ ገዝተው መርከብ ተሳፈሩ። በጉዞው ላይ በስኩታሪ ሆስፒታል ከወይዘሪት ናይቲንጌል ጋር ተገናኝተው ለአንድ ሌሊት ማደሪያ ተሰጣቸው፤ በማግሥቱ ወደ ጦሩ ሰፈር አለፉ።

ከባላክላቫ ወደብ ወደ ሴባስቶፖል በሚወስደው መንገድ አጠገብ፥ ስፕሪንግ ሂል በተባለ ቦታ፥ ብሪቲሽ ሆቴል ያሉትን ቤት አቆሙ። ስሙ ትልቅ ነበር፤ ቤቱ ግን የተሠራው ባሕር ከተፋው እንጨት፥ ከዕቃ ሣጥን ሳንቃና ከቆርቆሮ ነው። ለመኮንኖች ምግብና መጠጥ፥ ልብስና ጫማ ይሸጡ ነበር። ጧት ጧት ግን በራፉ ላይ የሚሰለፈው ሕመምተኛ ነበር፤ ሆዱን የታመመ፥ እግሩን ብርድ የበላው፥ ቁስሉ ያመረቀዘ። ወታደሮቹ እናት ሲኮል እያሉ ይጠሯቸው ነበር።

ነጋዴ ነበሩ እንጂ ነርስ አልነበሩም የሚሉ አንዳንድ ሰዎች አሉ። ነጋዴስ በእርግጥ ነበሩ፤ ደመወዝ የሚቈርጥላቸው መንግሥት አልነበረምና ያለ ንግድ አንድ ሳምንት እንኳ ሊቆዩ ባልቻሉ ነበር። ነገር ግን ነጋዴ ጥይት ወደሚዘንብበት አይሄድም። እርሳቸው ፋሻና መድኃኒት፥ ምግብና መጠጥ በበቅሎ ጭነው ወደ ውጊያው ሜዳ ይወርዱ ነበር። በነሐሴ 1855 ዓ.ም. በቸርናያ ወንዝ ላይ ጦርነት በሆነ ጊዜ ከወገን ቁስለኞች ጋር የወደቁትን ሩሲያውያንም አነሡ። አንዱ ሩሲያዊ መንጋጋውን ተመትቶ ነበርና ጥይቱ የት እንዳለ ለማወቅ ጣታቸውን አፉ ውስጥ ቢያስገቡ፥ ከሥቃይ የተነሣ ጥርሱን ገጠመባቸው። ጠባሳው እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ በጣታቸው ላይ ቀረ። በመስከረም ወር ሴባስቶፖል ስትያዝም ከተማይቱ ገና ስትነድ ከገቡት ሰዎች መካከል ነበሩ። ታይምስ ለተባለው ጋዜጣ ይጽፉ የነበሩት ዊልያም ራስል ሥራቸውን በዓይናቸው አይተው መስክረውላቸዋል።

በመጋቢት 1856 ዓ.ም. ሰላም ተፈረመ። ለሁሉ ደስታ የሆነው ሰላም ለወይዘሮ ሜሪ ኪሳራ ሆነ። ጦሩ ሲነቃነቅ ያከማቹት ዕቃ ገዢ አጣ፤ ብድር የወሰዱትም ሳይከፍሉ ወደ አገራቸው ተሳፈሩ። ለንደን በተመለሱ ጊዜ ባለ ዕዳ ሆነው ፍርድ ቤት ቀረቡ። ያስታመሟቸው ወታደሮች ግን አልካዷቸውም። በሐምሌ 1857 ዓ.ም. ለእርሳቸው መርጃ የሚሆን አራት ቀን የቆየ ታላቅ የሙዚቃ በዓል ተደረገ፤ ሕዝቡም እጅግ ብዙ ነበር። ይሁን እንጂ ቦታውን ያከራየው ኩባንያ ራሱ ስለ ከሰረ እጃቸው የገባው ገንዘብ ጥቂት ሆነ። በዚያው ዓመት የሕይወታቸውን ታሪክ በመጽሐፍ አሳተሙ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ በጃማይካ፥ አንድ ጊዜ በለንደን እየኖሩ ቆይተው በሜይ 14 ቀን 1881 ዓ.ም. በለንደን ዐረፉ። በእምነታቸው ካቶሊክ ስለ ነበሩ በኬንሳል ግሪን በሚገኘው የቅድስት ማርያም የካቶሊክ መካነ መቃብር ተቀበሩ። ጋዜጦች መሞታቸውን ጻፉ፤ ከዚያም ዝም ተባለ።

ለምን ተረሱ? ልጅ አልነበራቸውም። ያስታመሟቸው ወታደሮች በየተራ ሞቱ። መጽሐፋቸው እንደ ገና የታተመው በ1984 ዓ.ም. ነው። ይህን ከወይዘሪት ናይቲንጌል ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ወይዘሪት ናይቲንጌል በ1910 ዓ.ም. ሲሞቱ በትውልድ ቤተሰባቸው መቃብር፥ በሃምፕሻየር አውራጃ በምትገኝ ትንሽ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ። በሐውልታቸው ላይ የተቀረጹት የስማቸው የመጀመሪያ ፊደላትና የልደትና የሞት ቀናቸው ብቻ ናቸው። እንዲህም ሆኖ መቃብሩ የማን እንደ ሆነ የጠፋበት ሰው የለም። በ1860 ዓ.ም. በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት አቋቁመው ነበርና የሥራ ልጆቻቸው ስማቸውን ከዘመን ወደ ዘመን አስተላለፉት። ወይዘሮ ሜሪ ግን ትምህርት ቤት አልተከሉም፤ ለመትከል የሚያስችል ገንዘብም ሥልጣንም አልነበራቸውም።

ፈላጊ የመጣላቸው ከወገናቸውና ከሙያቸው ነው። በትውልድ አገራቸው የጃማይካ ነርሶች ማኅበር በ1954 ዓ.ም. ዋና ቤቱን በስማቸው ሰይሞ ነበር። እንግሊዝ በ1948 ዓ.ም. ለሕዝቡ ሁሉ የሚሆን የጤና አገልግሎት ካቋቋመች ወዲህም ብዙ የካሪቢያን ሴቶች ባሕር ተሻግረው በሆስፒታሎቿ በነርስነት ተቀጠሩ። ከመቶ ዓመት በፊት አንዲት የኪንግስተን ሴት በዚያው ከተማ ለዚያው ሥራ ደጅ ጠንታ ተመልሳ እንደ ነበረ ማወቅ ለእነርሱ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደ ሆነ መገመት አያስቸግርም።

በ1973 ዓ.ም. በብዙ ሺህ መቃብሮች መካከል ተረስቶ የኖረው መቃብራቸው ተገኘ። የኮመንዌልዝ ነርሶች የጦርነት መታሰቢያ ድርጅትና ሊግነም ቫይቲ የተባለው የጃማይካውያት ማኅበር ሐውልቱን አሳደሱት፤ በኖቬምበር 20 ቀንም ጸሎት ተደርጎ ቦታው እንደ ገና ተባረከ። አሁን ድንጋዩ የተወለዱበትን ከተማ፥ ሙያቸውን፥ ሕሙማንን ያስታመሙባቸውን አገሮች ለአላፊ አግዳሚው ይናገራል። ከጊዜ በኋላም በየዓመቱ በመቃብሩ ዙሪያ የመታሰቢያ ሥርዓት ይደረግ ጀመር።

መቃብሩ ከተገኘ በኋላ ሌላውም ተከታትሎ መጣ። አልበርት ቻለን የተባለ ሠዓሊ በ1869 ዓ.ም. የሣለው መልካቸው፥ ለሌላ ሥዕል የጀርባ መደገፊያ ሆኖ በአንድ ክፈፍ ውስጥ ተሸሽጎ ኖሮ ነበር። አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ቦታ ተገዝቶ ክፈፉ ሲፈታ ኒሻኖቻቸውን በደረታቸው ላይ እንዳደረጉ ወጡ፤ ሥዕሉም በለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የመልክ ሥዕሎች ቤት ለሕዝብ ታየ። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ሐውልታቸው ቆመ። የቆመውም በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል፥ ማለት ወይዘሪት ናይቲንጌል ትምህርት ቤታቸውን ባቋቋሙበት ተቋም ነው። ይህ ለእርሳቸው አይገባም ብለው የተቃወሙ ነበሩ፤ ሁለት ሴቶችን ለማክበር አንዲቱን ማዋረድ የሚያስፈልግ ግን አይመስለኝም።

ይህን ታሪክ ካነበብሁ በኋላ ከሁለት የክፍል ጓደኞቼ ጋር ከኳስ ሜዳችን በላይ ወዳሉት ባሕር ዛፎች ወጣሁ። እዚያ አራት አሮጌ መቃብሮች አሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ በአጠገባቸው ስናልፍ የማን እንደ ሆኑ ጠይቀን አናውቅም ነበር። የሁለቱ ጽሕፈት ይነበባል፤ የሁለቱ ግን ዝናብ አጥቦት ጠፍቷል። የትምህርት ቤቱን አሮጌ ዘበኛ ጋሼን ብንጠይቃቸው፥ አንደኛው በተስቦ ዘመን አዳሪ ተማሪዎችን ሲያስታምሙ በበሽታው ተይዘው የሞቱ እመት መሆናቸውን ነገሩን። ስማቸውንም ነገሩን። የዳይሬክተሮቹ ስም በአዳራሹ ግድግዳ ላይ በተራ ተጽፏል፤ የእኒህ ሴት ስም ግን የሚገኘው በአንድ ሽማግሌ ልብ ውስጥ ብቻ ነበር። ጋሼ ደግሞ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል።

የዚያን ቀን ሣሩን ነቅለን፥ ስማቸውን በደብተር ጽፈን ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አስረከብን። በዚህ በዓል ተማሪዎች አዋጥተው በድንጋዩ ላይ እንዲያስጽፉት ክፍላችን ሐሳብ አቅርቧል። ከእኛ በኋላ የምትመጡ ወንድሞችና እኅቶች፥ ወደ ኳስ ሜዳ ስትወጡ ቆም ብላችሁ አንብቡት።