አባ ፒዬር ጉዌንና የኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥ መዝገብ

ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. ከስምጥ ሸለቆው ተነሥቶ አዲስ አበባን ያናወጠው የመሬት መንቀጥቀጥ ያገኛት ከተማ ዛሬ የምትታየው አልነበረችም። ከአራዳ ቁልቁል፣ ኋላ ቸርችል ጎዳና ወደ ለገሐር በወረደበት ተዳፋት፣ የነበረው ቤት አብዛኛው በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፣ ክዳኑም ሣር ነበር። እንዲህ ያለው ቤት መሬት ስትናወጥ ይወዛወዛል እንጂ እንደ ድንጋይ ካብ ባንድ ጊዜ አይናድም፤ ቢወድቅም የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል ነው። ስድሳ ዓመት ያህል ቆይቶ ግን በዚያው ተዳፋት አናት ላይ የማዘጋጃ ቤቱ ግዙፍ ሕንፃ ቆመ፤ ወደ ታችም ባንኩና ሌሎች የሲሚንቶ ፎቆች ተከታተሉ። ከነዚህ ሕንፃዎች ሥር ያለው ምድር ምን ያህል እንደሚታመን በመጀመሪያ በመሣሪያና በሰነድ የመረመሩት ካናዳዊው ካህን አባ ፒዬር ጉዌን ናቸው።

አባ ጉዌን የኩቤክ ሰው፣ የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ነበሩ። ማኅበሩ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ምሥረታ ላይ ከፍተኛ ድርሻ ስለነበረው፣ እርሳቸውም በዚያ ፊዚክስ አስተማሩ። ኢየሱሳውያን በብዙ አገር የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያ ያቆሙ ስለሆነ፣ አንድ ካህን በዚህ ሥራ መሰማራቱ በማኅበራቸው ዘንድ እንግዳ ነገር አልነበረም። ይሁንና በአራት ኪሎ የተቋቋመው ኦብዘርቫቶሪ መነሻው የመሬት መንቀጥቀጥ ሳይሆን የመሬት መግነጢስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1958 የዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት በታወጀ ጊዜ፣ አዲስ አበባ በመግነጢሳዊው የምድር ወገብ አጠገብ በመገኘቷ ሊቃውንት እጅግ ይፈልጓት ነበር። አባ ጉዌን ይህን አጋጣሚ ተጠቅመው ጣቢያውን አቆሙ፤ ሲይስሞግራፉም ተከትሎ መጣ።

ጣቢያው ገና ጥቂት ዓመት ሳይሞላው ከባድ ፈተና ገጠመው። በ1953 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋና በወሎ አዋሳኝ በካራ ቆሬ አካባቢ ምድር ለወራት ተንቀጠቀጠች፤ ዋናው የደረሰው ግንቦት 24 ቀን ነበር። የማጀቴ ከተማ ፈረሰች፣ በካራ ቆሬም ብዙ ቤት ወደቀ፣ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ መንገድም ተጎዳ። ንውጽውጽታው 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ባለችው በአዲስ አበባም ተሰማ። መሣሪያው እንዲህ ያለውን ርቀት የሚያሳውቀው በቀላል ስሌት ነው፦ ከመንቀጥቀጡ ሥፍራ ሁለት ዓይነት ሞገዶች ይነሣሉ፤ ፈጣኑ ቀድሞ፣ ዝግተኛው ዘግይቶ ይደርሳል፤ በመካከላቸው ያለው እያንዳንዱ ሴኮንድ በግምት 8 ኪሎ ሜትር ርቀትን ያመለክታል። ከካራ ቆሬ የመጣው ሞገድ በዚህ ስሌት 25 ሴኮንድ ያህል ልዩነት ይኖረዋል ማለት ነው። መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር የሰርዶ ከተማ ፈርሳ ሰዎች ሞቱ።

ግን መሣሪያ የሚናገረው ከተተከለበት ቀን ወዲህ ያለውን ብቻ ነው። ምድር ኃይሏን በምታወጣበትና በምታከማችበት ዘመን ሲለካ አሥርና ሃያ ዓመት ከምንም አይቆጠርም። ስለዚህ የፊዚክሱ መምህር ወደ ታሪክ ሰነድ ዞሩ፤ ከሥራቸው ሁሉ የሚደነቀውም ይኸው ነው። የነገሥታቱን ዜና መዋዕል፣ የመንገደኞችን ማስታወሻ፣ የሚሲዮናውያንን ደብዳቤ እያመሳከሩ እያንዳንዱን ወሬ መረመሩ፤ የእሳተ ገሞራውን፣ የናዳውንና የመንቀጥቀጡን ለዩ። ለምሳሌ በ1842 እ.ኤ.አ. አንኮበርን የመታው ናዳ ከመሬት መንቀጥቀጥ ጋር ያለው ግንኙነት እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የሚሻ ነበር። ጸሐፊ ባልነበረበት ቆላ የደረሰው ሳይጻፍ ይቀራል፤ የመዝገቡ ዝምታ የምድሪቱ ዝምታ እንዳይመስል ማስተዋል ያስፈልጋል። ከ1400 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ያለውን የያዘው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ የተሰኘው መጽሐፋቸው በ1979 እ.ኤ.አ. በኦታዋ ታተመ።

ለመሐንዲስ የሚቀርበው ግን ከመጽሐፉ ሦስት ዓመት አስቀድሞ ያወጡት የአገሪቱ የአደጋ ቀጠና ካርታ ነው። ካርታው የተመሠረተው በመቶ ዓመት አንድ ጊዜ በሚጠበቅ መናወጥ ላይ ነበር። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የሕንፃ ደንብም በመቶ ዓመት ልክ ሄደ፤ የ2015 እ.ኤ.አ. ደንብ ግን ልኩን ወደ 475 ዓመት አሳደገው። ልዩነቱ የወረቀት ብቻ አይደለም፤ የዓምዱን ውፍረትና የብረቱን ብዛት ይለውጣል፤ በቀድሞው ልክ የተሠሩትም ሆነ ከማናቸውም ደንብ በፊት የቆሙት የቸርችል ጎዳና ሕንፃዎች ሰው እንደያዙ አሉ። የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ የደረሰው፣ መጠኑ 6 ገደማ የሆነው መንቀጥቀጥ በአዲስ አበባ ፎቆች ላይ ተሰምቷል።

አባ ጉዌን ኦብዘርቫቶሪውን ሃያ ዓመት ያህል መርተው ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ሥራው ዶክተር ላእከ ማርያም አስፋውን በመሳሰሉ ኢትዮጵያውያን እጅ ቀጠለ። እርሳቸው ግን በእርጅናቸውም አላረፉም። በኢትዮጵያ ዜና መዋዕል ላይ የለመዱትን አመራመር ይዘው ወደ ኩቤክ አሮጌ ሰነዶች ገቡ፤ ከ1534 እስከ መጋቢት 1925 እ.ኤ.አ. በዚያ የደረሱትን መንቀጥቀጦች ከመጀመሪያዎቹ ምስክሮች ቃል እየለቀሙ መዘገቡ። መጽሐፉ በ2001 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ እርሳቸውም ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሳይቆዩ ዐረፉ።