ከሳህን ሥር የተጫረ ስም

ማስተርሴን የተማርኩት ለንደን ነው። ከቤተ መጻሕፍት ወደ ባቡር ጣቢያ ስመላለስ ጎርደን ስኩዌር የምትባለውን ትንሽ መናፈሻ በየቀኑ አቋርጥ ነበር። እዚያ የአንዲት ወጣት ሴት ምስል ቆሟል። እውነቱን ለመናገር አንድ ዓመት ሙሉ ማን ናት ብዬ አልጠየቅኩም። ስሟን ቆሜ ያነበብኩት ትምህርቴን ከጨረስኩ በኋላ ነው፤ ኑር ኢናያት ካን።

እስቲ ዛሬ ስለሷ ላውራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኑር በጃንዋሪ 1 ቀን 1914 ሞስኮ ተወለደች። አባቷ ሕንዳዊ ሙዚቀኛና የሱፊ መምህር ናቸው፣ እናቷ ደግሞ አሜሪካዊት። ቤተሰቡ ለንደን ከኖረ በኋላ ፓሪስ አጠገብ ሱሬን በምትባል ከተማ ሰፈረ። ቤት ውስጥ አንድ ባህል፣ ደጅ ሌላ ባህል፤ ይህን ኑሮ ልጆቻችን ያውቁታል። በ1927 አባቷ ሲሞቱ ገና 13 ዓመቷ ነበር። እናቷ በሐዘን ስለተሰበሩ ታናናሾቿን የመንከባከቡ ሸክም በሷ ላይ ወደቀ። ከዚያ ሶርቦን ገብታ የልጆች ሥነ ልቦና ተማረች፣ ሙዚቃ አጠናች፣ ለልጆች ተረት ጻፈች። በ1939 ከቡድሂስቶች ተረት ሃያውን ለልጆች ያዘጋጀችበት መጽሐፍ ታተመላት።

በ1940 ጀርመኖች ፈረንሳይን ሲይዙ ቤተሰቡ ወደ እንግሊዝ ሸሸ። ኑር ያደገችው ሰውን መጉዳት ክፉ ነው እየተባለች ነው፤ ዳር ቆሞ ማየትም ግን አልሆነላትም። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የአየር ኃይሉን የሴቶች ክፍል ተቀላቅላ ሬዲዮ ኦፕሬተርነት ሠለጠነች። በ1943 ደግሞ በጠላት ወደተያዙ አገሮች ሰላይ የሚልከው የእንግሊዝ ምስጢራዊ ድርጅት ወሰዳት። ከአሠልጣኞቿ አንዳንዶቹ ለዚህ ሥራ አትሆንም ብለው ጽፈውባታል። ሆኖም ጁን 1943 ላይ በሌሊት፣ በትንሽ አውሮፕላን ፈረንሳይ ገባች። ከእንግሊዝ ወደዚያ የተላከች የመጀመሪያዋ ሴት ሬዲዮ ኦፕሬተር እሷ ናት።

የሥራው አደጋ ለእኔ ቢጤው ኢንጂነር ቶሎ ይገባዋል። መልእክት በላክህ ቁጥር ያለህበትን ቦታ ትናገራለህ። ጀርመኖች የሬዲዮ ሞገድ የሚያነፈንፉ መኪኖች ነበሯቸው። ስለዚህ ሻንጣ ውስጥ የተደበቀውን መሣሪያ ይዞ ከቤት ቤት መዞር፣ አንቴና መዘርጋት፣ በደቂቃዎች ውስጥ ልኮ መጥፋት ነው። አንድ ኦፕሬተር ሳይያዝ ይቆያል ተብሎ የሚገመተው ስድስት ሳምንት ያህል ብቻ ነበር።

ኑር በደረሰች በሳምንቷ የተመደበችበት መረብ ተበጣጠሰ። አለቆቿና ጓደኞቿ አንድ ባንድ ታሰሩ። ለንደን ተመለሺ አላት። እሷ ግን ፓሪስ ውስጥ የቀረች ኦፕሬተር እኔ ብቻ ነኝ ብላ እንቢ አለች። ፀጉሯን ቀለም እየቀያየረች፣ አድራሻ እየለዋወጠች፣ ለብዙዎች የሚሆን ሥራ ለብቻዋ ሠራች። በመጨረሻ በጥቆማ ተያዘች፤ ጊዜው ኦክቶበር 1943 ገደማ ነው።

እዚህ ላይ የማይደበቅ ነገር አለ። የላከቻቸውን መልእክቶች በሙሉ ደብተር ላይ መዝግባ ይዛ ነበር፤ ትእዛዙን ተሳስታ ተረድታው ነው ይባላል። ጀርመኖች በዚያ ደብተርና በመሣሪያዋ እሷን መስለው ለንደንን ማነጋገር ቀጠሉ። አንድ ነገር ልክ አይደለም የሚያሰኙ ምልክቶች ለንደን ደርሰው ነበር፤ አለቆቹ ግን ችላ አሏቸው። በዚህ የተነሳ ሌሎች ሰላዮች በፓራሹት ቀጥታ ጠላት እጅ ላይ ወረዱ። በየካቲት መጨረሻ 1944 ከወረዱት አንዷ ማድሌን ዳመርማን ነበረች።

ኑር እስር ቤት ሆና ሁለት ጊዜ ለማምለጥ ሞከረች። ሁለተኛ አልሞክርም ብለሽ ፈርሚ ስትባል አልፈርምም አለች። ወደ ጀርመን፣ ፎርጽሃይም እስር ቤት ወሰዷት። አሥር ወር ያህል እጅና እግሯ በሰንሰለት ታስሮ፣ ከሰው ተለይታ ቆየች። እዚያ ነው ያቺን ነገር ያደረገችው። የምግብ ሳህኗ ሥር ኖራ ቤከር የሚል ስምና የእናቷን የለንደን አድራሻ ጫረች፤ 4 ታቪተን ስትሪት። ሳህኑ ከክፍል ክፍል ሲዞር ሌሎች እስረኞች አነበቡት።

በሴፕቴምበር 13 ቀን 1944 ዳሃው ካምፕ ውስጥ ከሦስት ሴት ባልደረቦቿ ጋር ተገደለች። 30 ዓመቷ ነበር። ከሦስቱ አንዷ ያቺው ማድሌን ዳመርማን ናት።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ቬራ አትኪንስ የምትባል የድርጅቱ መኮንን፣ ራሷም ከሩማንያ የመጣች ስደተኛ፣ የጠፉትን ፍለጋ ጀርመን ገባች። መጀመሪያ ላይ ኑር ናትስቫይለር ካምፕ ሞታለች ብላ ለቤተሰቡ ነገረች። እዚያ የሞተችው ግን ሶንያ ኦልሻኔትስኪ የምትባል ሌላ ሴት ነበረች። ስህተቱ የተጋለጠው አንዲት የፎርጽሃይም እስረኛ ያንን ስምና አድራሻ አስታውሳ ስለጻፈች ነው። አትኪንስም አልታከተችም፤ እንደገና ጀምራ እውነቱን አገኘች። አያችሁ፣ አንድ ስም ሲስተካከል ሁለት ሴቶች ናቸው ከመጥፋት የዳኑት።

በ1949 ጆርጅ ክሮስ የተባለው ከፍተኛ ሜዳይ ተሰጣት፤ ምስሏ በ2012 ቆመ። እኔን የነካኝ ግን የ2020ው ነው። ሳህኑ ላይ በጫረችው አድራሻ፣ በዚያው ቤት ግድግዳ ላይ ስሟ ያለበት ሰማያዊ ሰሌዳ ተሰቀለ።

ታዲያ እኛስ? ስለ ሴት አርበኞቻችን ስናወራ ከበደች ሥዩምን፣ ሸዋረገድ ገድሌን እንጠራለን፤ ይገባቸዋልም። ግን ልብ በሉ፣ ሁለቱም ድሉን በሕይወት ያዩ ናቸው። እዚያው ወድቀው የቀሩትስ? ከዚያ ወዲህ በነበሩት ጦርነቶች ዩኒፎርም ለብሰው ሄደው ያልተመለሱትስ? እናት ኢትዮጵያ የወለደቻቸው ጀግኖች ብሎ በጅምላ ማመስገን ቀላል ነው። የአንዷን ስም፣ የተወለደችበትን ቀበሌ፣ የወደቀችበትን ቦታ በትክክል መጻፍ ግን ሥራ ይጠይቃል።

እሑድ አገር ቤት ስትደውሉ አያቶቻችሁንና አክስቶቻችሁን ጠይቁ። ሄዳ የቀረች ሴት ካለች ሙሉ ስሟን ከነአባቷ መዝግቡ። የማታውቁትን አትጨምሩበት። እኔ ባለፈው ሳምንት ደውዬ ነበር፤ እናቴ አንድ ስም ሰጠችኝ። የአባቷን ስም ግን አላስታወሰችውም። የሚያውቁ አንድ አዛውንት ጎረቤት አሉ ብላኛለች፤ በሚቀጥለው እሑድ እሳቸውን ታገናኘኛለች።