ኢንጂነር ፈዝሉር ረሕማን ኻን፦ ከዳካ እስከ ጅዳ



በዚህ እትም የምናስታውሳቸው ሰው ዳዒ ወይም ሸይኽ አይደሉም፤ መሐንዲስ ናቸው።

ኢንጂነር ፈዝሉር ረሕማን ኻን እ.ኤ.አ. በ1929 በዳካ፣ በዛሬዋ ባንግላዴሽ ዋና ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የሒሳብ መምህር ነበሩ። በ1952 በስኮላርሺፕ ወደ አሜሪካው ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሄደው በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት የማስተርስና አንድ የዶክትሬት ዲግሪ ያዙ። (ለአንድ አሳይመንት ቀን የምናስጨምር ሰዎች ይህን ስንጽፍ ትንሽ አፍረናል።) ከዚያም ቺካጎ ውስጥ ስኪድሞር፣ ኦዊንግስ ኤንድ ሜሪል በተባለው ድርጅት ሥራ ጀመሩ።

በዘመኑ የረጅም ሕንፃ ዋና ችግር ነፋስ ነበር። ፎቁ በጨመረ ቁጥር ሕንፃው እንዳይወዛወዝ የሚገባው ብረት ከልክ በላይ ይበዛል፤ ወጪውም አብሮ ይንራል። ኢንጂነር ፈዝሉር ዓምዶቹን ወደ ውጪው ግድግዳ አወጧቸው፤ አቀራርበውም አስተሳሰሯቸው። ሕንፃው በሙሉ እንደ አንድ ቱቦ ሆኖ ነፋሱን ይቋቋማል። ቀርከሃ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ውስጡ ባዶ ነው፣ ጥንካሬው ዙሪያው ላይ ነው።

ከአርክቴክት ብሩስ ግራሃም ጋር የሠሩት ባለ 100 ፎቁ የጆን ሐንኮክ ሕንፃ በካሬ ሜትር የፈጀው ብረት 145 ኪሎ ገደማ ነው። በ1931 የተሠራው ኢምፓየር ስቴት 206 ኪሎ ገደማ ፈጅቷል።

እኛን ይበልጥ የሳበን ግን የመኪናው ነገር ነው። መሬት በተወደደበት መሃል ከተማ የዚያ ሁሉ ነዋሪና ሠራተኛ መኪና የት ይቁም? መልሱ እዚያው ሕንፃው ውስጥ ሆነ። ከታች ሱቆች አሉ፤ ከሱቆቹ በላይ ባሉት ፎቆች መኪኖች በጥምዝምዝ መወጣጫ ወጥተው ይቆማሉ፤ ከዚያ ቢሮዎች፣ ከ44ኛው ፎቅ ጀምሮ ደግሞ መኖሪያ ቤቶች ይከተላሉ። ሕንፃው ወደ ላይ እየጠበበ መሄዱም ለጌጥ ብቻ አይደለም። መኪና ማቆሚያና ቢሮ ሰፊ ወለል ይፈልጋሉ፤ መኖሪያ ቤት ግን ከመስኮት መራቅ የለበትም።

ቀጥሎ ዘጠኝ ቱቦዎችን በአንድ ላይ አስረው 110 ፎቅ ያለውን የሲርስ ሕንፃ አቆሙ። 442 ሜትር የሚረዝመው ይህ ሕንፃ ከ20 ዓመት በላይ የዓለም ረጅሙ ሆኖ ቆይቷል።

በ1971 ባንግላዴሽ በጦርነት ስትታመስ ቺካጎ ያሉ የአገራቸውን ልጆች አስተባብረው እርዳታ አሰባሰቡ።

በመጨረሻ ዓመታቸው የተከፈተው ሥራ የጅዳ አየር ማረፊያ የሐጅ ተርሚናል ነው። ከአገራችን ለሐጅ የሚሄዱ ብዙ አባቶችና እናቶች ያውቁታል፤ በብረት ምሰሶና በገመድ የተወጠሩ 210 ነጫጭ ድንኳኖች ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ነፋስን ሲከላከሉ የኖሩት ሰው እዚህ ነፋሱ ገብቶ ሑጃጁን እንዲያቀዘቅዝ ጎኑን ክፍት ተዉት።

መጋቢት 18 ቀን 1974 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1982) እዚያው ጅዳ እያሉ በልብ ሕመም ሞቱ። ዕድሜያቸው 52 ነበር። የተቀበሩት ቺካጎ ነው። አላህ ይዘንላቸው።