ዊላ ብራውን እና የበጎ ፈቃደኞቹ ስኳድሮን

ስለ አንድ የታወቀ ሰው ጻፉ ስንባል አብዛኞቻችን ወደ ነገሥታት፣ ወደ ደራሲያን ወይም ወደ ሯጮች ነው የምንሮጠው። እኔ ዊላ ብራውንን መርጫለሁ። አውሮፕላን አብራሪ ብትሆንም ታሪኳ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ቅርብ ነው።

የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1906 በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት ነው። በ1927 ከኮሌጅ ተመርቃ ኢንዲያና ውስጥ አስተማረች፤ በኋላም ቺካጎ ገባች። እዚያ ኮርኔሊየስ ኮፊ እና ጆን ሮቢንሰን ካሰባሰቧቸው ጥቁር አብራሪዎች ጋር ገጠመች። ሮቢንሰን ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በ1935 ወደ አገራችን መጥቶ በጣሊያን ወረራ ጊዜ አየር ኃይላችንን የመራው ሰው ነው። ዊላ በ1938 የአብራሪነት ፈቃድ አገኘች። ከእሷ በፊት ቤሲ ኮልማን በ1921 ፈቃድ ብታገኝም ያገኘችው ፈረንሳይ ሄዳ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ በማግኘት ግን ዊላ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት ይባላል።

እኔን የሳበኝ የ1936ቱ ነገር ነው። ጥቁር አብራሪዎቹ ሃርለም በሚባለው የቺካጎ አየር ማረፊያ ትርኢት አዘጋጅተዋል፤ ወሬውን የሚጽፍላቸው ግን የለም። ዊላ ቦት ጫማዋን አጥልቃ፣ በበረራ ልብሷ ቺካጎ ዲፌንደር ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ገባች። ክፍሉ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። አዘጋጁ ኢኖክ ዋተርስ ፎቶ አንሺ ይዞ ራሱ ሄደ፤ እሷም አየር ላይ ይዛው ወጣች። በ1939 ዊላ፣ ኮፊ እና ዋተርስ ሆነው የጥቁር አብራሪዎችን ብሔራዊ ማኅበር መሠረቱ። ጋዜጠኛ የሚዘግብለትን ማኅበር ሲመሠርት የሥነ ምግባር መምህራችን ቅር ሳይላቸው አይቀርም። እኔ ግን አልፈርድበትም፤ ያኔ የጦር ሠራዊቱ የበረራ ትምህርት ቤት ለጥቁሮች ዝግ ነበር።

ታኅሣሥ 1 ቀን 1941፣ ፐርል ሃርበር ከመመታቱ ስድስት ቀን በፊት፣ ሲቪል ኤር ፓትሮል ተቋቋመ። በጦርነቱ ጊዜ ሲቪል አብራሪዎች በገዛ ትንንሽ አውሮፕላኖቻቸው የባሕር ዳርቻ የሚጠብቁበት፣ ዕቃ የሚያመላልሱበት፣ የጠፋ አውሮፕላን የሚፈልጉበት ድርጅት ነበር። በ1942 ኢሊኖይ ውስጥ ስኳድሮን 613-6 ተደራጀ። አዛዡ ኮፊ ሲሆን ዊላ በሌተናንት ማዕረግ የአስተዳደሩንና የጽሕፈቱን ሥራ ያዘች። በዚህም የድርጅቱ የመጀመሪያዋ ጥቁር መኮንን ሆነች።

ብዙ ጸሐፊዎች "የመጀመሪያዋ" ብለው እዚህ ላይ ያልፉታል። ሥራው ግን ምን ይመስላል? ለፍለጋ የወጣ አብራሪ ዝቅ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ በተመደበለት ቦታ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። አጠገቡ የተቀመጠው ተመልካች ደግሞ ዓይኑን ከመሬት አይነቅልም። ማን የትኛውን ቦታ እንደጨረሰ በወረቀት ካልተያዘ አንዱ ቦታ ሁለቴ ይታሰሳል፣ ሌላው ጭራሽ ይረሳል። ቤንዚኑ ስንት ሰዓት ያስኬዳል? ያልተመለሰ አለ ወይ? ይህን የሚከታተል ሰው ከሌለ ፈላጊው ራሱ ተፈላጊ ይሆናል። በዚያ ላይ በጎ ፈቃደኛ ደመወዝ የለውም፣ የራሱ እንጀራ አለው። ዛሬ ማን መምጣት ይችላል ብሎ መጠየቅ ራሱ አንድ ሥራ ነው። ፎቶግራፍ የሚነሳው ታዲያ መሪውን የያዘው ነው፤ መዝገብ የያዘውን ማን ያነሳዋል?

ዊላ ሁለቱንም ይዛለች። ከስኳድሮኑ ጎን ለጎን እሷና ኮፊ በሚመሩት የበረራ ትምህርት ቤት ወደ 200 የሚጠጉ ተማሪዎች ሠልጥነዋል፤ አንዳንዶቹ በኋላ ከታወቁት የተስኬጊ አብራሪዎች ተርታ ገብተዋል። በ1946 ለአሜሪካ ምክር ቤት ተወዳድራ አልቀናትም። ከዚያ ወደ መጀመሪያ ሙያዋ ተመልሳ በቺካጎ ትምህርት ቤቶች እስከ 1971 ስታስተምር ቆየች። ያረፈችው በ1992፣ በ86 ዓመቷ፣ እዚያው ቺካጎ ነው።